ደፍ ላይ የተኛ ብረት

አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ብረት ፍለጋ ይወጣ ነበር። ሌላው የኮልፌ አባወራ ቅዳሜውን በዕድር፣ በለቅሶና በኳስ ሲጨርስ፣ የእኔው አባት አሮጌ ኮቱን ደርቦ፣ ባዶ ማዳበሪያ በብብቱ ሸጉጦ፣ እኔን በእጁ ይዞ ይወጣል። ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ስለሚውል ልብሱ የድሮ ወረቀት ይሸታል፤ ቅዳሜ ስንመለስ ግን ዝገት ዝገት ይላል። ከሁለቱ ዝገቱን እወደው ነበር። ዛሬም አሮጌ ብረት ሲሸተኝ እጄ የሚይዘው እጅ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ዕቃ መዶሻ ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ አባቴ አንድ ሳምንት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ከቦርሳው በጨርቅ የተጠቀለለች አጭር መዶሻ አወጣ። እጀታዋ ከመያዝ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። እናቴ ኪዳን መዶሻዋን አየች፣ ወጣች፣ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። "ለመስክ ሥራ ሄዶ ነው" ተብዬ ስለነበር መስክ ማለት መዶሻ የሚታደልበት አገር ነው ብዬ ያዝኩ። አባቱን ቀብሮ መመለሱን ያወቅሁት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ከቤታችን ጀርባ ያለችው የማገዶ ቤት ተጠረገች። ቆርቆሮዋ የምስማር ቀዳዳ ብቻ ስለነበር ጠዋት ፀሐይ በየቀዳዳው ትገባና መሬቱ ላይ ክብ ክብ ብርሃን ትበትናለች። እነሱን ላለመርገጥ እየዘለልኩ እውላለሁ። ጎረቤት ምን ሊሠራባት እንደሆነ ሲጠይቀው፣ አንዳንዱ ዳማ ይጫወታል፣ እኔ ደግሞ ለጊዜ ማሳለፊያ ብረት ልነካካ ነው ይላል። ይስቃሉ። ደብተር ሲያገላብጥ የሚውል የቢሮ ሰው ብረት ቢነካካ ትርፍ ጊዜ የበዛበት ይባላል እንጂ ሌላ ነገር አይባልም። አባቴ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ብረት እንደሚተኛ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቁራጩን በሲባጎ አንጠልጥሎ በመዶሻዋ ጀርባ ቀስ አድርጎ ይነካውና ጆሮውን ያስጠጋል። ድምፁ ዱብ ብሎ ከቀረ "ይኼ ሞቷል" ብሎ ይጥለዋል። ትንሽ ካንጎራጎረ "ይኼ ተኝቷል" ይላል። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ እየዘመረ ከሄደ ግን ዓይኑን ጨፍኖ እስኪያልቅ ይጠብቅና ማዳበሪያውን እንድከፍት ይነግረኛል። የመኪና ባሌስትራና የድሮ ሞረድ ለምን እንደሚዘምሩ ኋላ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ጠንካራ ብረት ስለሆኑ ነው። ያን ጊዜ ግን ብረት ሁሉ በመንገድ ዳር እንቅልፍ የጣለው ፍጡር ነበር፤ አባቴ ደግሞ ቀስቃሹ።

አየር ጤና አካባቢ ካለ ጋራዥ ረጅም ባሌስትራ ያገኘን ቀን ሚኒባስ ውስጥ ይዘነው ገባን። ረዳቱ ብረቱን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ "ፋዘር፣ ይሄ ሰው ነው ዕቃ?" አለ። አባቴ "ሰው ነው፣ ሂሳቡን እከፍላለሁ" አለው። ባሌስትራው በእኔና በእሱ መካከል ቆሞ ኮልፌ ድረስ መጣ። ታክሲው በጎደጎደው መንገድ በተንገጫገጨ ቁጥር ብረቱ ከወንበሩ እየተጋጨ ያንጎራጉራል፤ አንዲት ሴትዮ ሕፃኗን ታቅፋ እየሳቀች ታዳምጠው ነበር። ሕልም ይሁን እውነት የማይለይ መንገድ ነው፤ በኋላ ብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ ሄጃለሁ፣ እንደዚያ ቀን አጥሮብኝ አያውቅም።

አንዳንድ ቅዳሜ ከቆሼ ለቅመው ከሚመጡ ሴቶች ሞረድና ጉጠት እንገዛለን። የእሳቱ ማንደጃ የተሠራው ከጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ወናፉ ደግሞ፣ ማለት ፍሙን የሚያናፍሰው፣ ቤቴል ያለ ፀጉር ቤት የጣለው የፀጉር ማድረቂያ ነበር። አባቴ ፈትቶ፣ ቧንቧ ቀጥሎ፣ ከቸርኬው ሥር አስገባው። ሲነሳ ንፋሱ የተቃጠለ የፀጉር ቅባት ይሸታል፤ እናቴ መስኮቱን ከፍታ "ዛሬ ማንን ነው የምትተኩሱት?" ትለናለች። በዚያ ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

የቀረን መስፉ ነው፤ የጋለ ብረት የሚቀጠቀጥበት ማስደገፊያ። እሱን ለማግኘት የጋሽ ሰይፈዲን ግቢ ሦስት ቅዳሜ ተመላለስን። ጋሽ ሰይፈዲን ከተገነጠለ የመኪና ወንበር ላይ የማይነሳ ሽማግሌ ነበር። ዙሪያውን የበር ፍሬም፣ የፌሮ ቁርጥራጭ፣ የባኞ ግማሽ፣ አንድ ጎማ የሌለው የሕፃን ብስክሌት እንደ ኮረብታ ተከምሯል። በሦስተኛው ቅዳሜ ከክምሩ ሥር አንድ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ወጣ። አባቴ ተንበርክኮ በመዶሻዋ ጀርባ ነካው። ድምፁ ግቢውን ዞሮ፣ ባኞው ውስጥ ገብቶ፣ ተመልሶ መጣ። ጋሽ ሰይፈዲን ግን ሐዲዱን ሳይሆን የአባቴን እጅ ነበር የሚያየው።

"የማን ልጅ ነህ?" አለው።

"መዝገብ ክፍል ነው የምሠራው" አለ አባቴ።

"ሥራህን አልጠየቅሁህም።"

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየ። የማን ልጅ ነሽ የሚባለው የጠፋ ልጅ ነው፤ ገበያ ላይ ጠፍቼ እኔም ተብያለሁ። ስለዚህ ሽማግሌው አባቴ የጠፋ መስሎታል ብዬ እጁን አጥብቄ ያዝኩ። ጋሽ ሰይፈዲን ሁለታችንንም አየና፣ "አይዞህ። እኔ ዘንድ ብረት እንጂ ወሬ አይሸጥም" አለው። አባቴ ትንፋሹን ሲለቅ በእጁ በኩል ተሰማኝ።

ባለጋሪ እስኪመጣ ሐዲዱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፀሐዩ ለስላሳ ነበር፤ ዝገቱ ሁሉ ቀይ ወርቅ መስሏል። አባቴ ሳልጠይቀው ያወራኝ ጀመር። ጊቤን ተሻግሮ በሚገኝ መንደር ውስጥ አባቱ ወልደሰንበት ማረሻና ማጭድ ይሠራ እንደነበር፣ እሱ በእኔ ዕድሜ የፍየል ቆዳ ወናፍ ይነፋ እንደነበር፣ ገበሬው ሁሉ ያለ አባቱ እጅ ማረስ እንደማይችል ነገረኝ። መዶሻዋም የአባቱ ነች። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ፣ "ይኼ የእኔና የአንቺ ነው" አለኝ። ምስጢር እየሰጠኝ ነበር። እኔ ግን ሐዲዱን የሰጠኝ መስሎኝ በጣም ደስ አለኝ።

እሳቱ በተነሳ በመጀመሪያው ቀን አባቴ ከባሌስትራው ቁራጭ አንዲት ቢላዋ ሠራ። ፍሙ ብርቱካን ሲመስል ብረቱን ያስገባል፣ ብረቱም ብርቱካን ሲመስል በጉጠት ያወጣዋል። መዶሻዋ ሐዲዱ ላይ ስትወርድ የጣሪያው ቀዳዳዎች ብርሃን በጭሱ ውስጥ ዘንግ ዘንግ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። አባቴን አላውቀውም ነበር ብል አልዋሸሁም። ትከሻው ሰፋ፣ ፊቱ ወጣት ሆነ፤ እያንጎራጎረ ነበር፣ ያውም በማላውቀው ቋንቋ። ሲጨርስ ከእጀታው አጠገብ በጩቤ መሳይ ብረት ሦስት ነጥብ መታባት። አባቱም እንዲህ ያደርግ እንደነበር ነገረኝና የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነከራት። ቢላዋዋ ጮኸች፤ እኔ ነቃች አልኩ።

የእናቴ ወር ሲገባ አያቴ ወለተጻድቅ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው አገሯ መጣች። ለአራስ ገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄት፣ ቅቤና ማር በቅል ይዛ ነው የመጣችው። አባቴን "ልጄ ደግፌ" ትለው ነበር፤ ጉንጩን ስማዋለች፤ ከሥራ ሲገባ ቶሎ ብላ ምግብ ታቀርብለታለች። በሦስተኛው ቀን በረንዳ ላይ በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣኝ ሹሩባ ትሠራኝ ጀመር። ከጓሮ የመዶሻው ድምፅ ይመጣል። አባትሽ ይህን ሙያ ከማን ለመደው አለችኝ፣ ቅቤ የነካ ጣቷን ፀጉሬ ውስጥ እየሳበች።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም ነበር። መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ። "ከአባቱ ነው" አልኳት። "አባቱ ወልደሰንበት ማረሻም ማጭድም ይሠራ ነበር። አባዬ ደግሞ ወናፍ ይነፋ ነበር።"

ጣቶቿ ቆሙ። ከዚያ ቀጠሉ፤ ግን ሹሩባው ከዚያ ወዲያ እየጠበቀ ሄዶ የቀኝ ዓይኔ ወደ ላይ ተሳበ። የመዶሻው ድምፅ እስኪያቆም ድረስ በውስጧ ስትጸልይ ትንፋሿ አናቴ ላይ ይመጣብኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ በአያቴ ዘንድ አንቱ ሆነ። "አቶ ደግፌ፣ ደኅና ዋሉ" ትለዋለች፣ ከሩቅ። ማዕረግ የጨመረችለት መስሎኝ ኮራሁበት። አብራው ደግሞ አትበላም። አባቴ ማዕድ ላይ ሲቀርብ እሷ ትነሳለች፤ ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ "ጾም ነው ልጄ" ትለኛለች። እኛ ዶሮ የምንበላበት ሳምንት ነበር። የእሷ ጾም ከእኛ ይበልጣል፣ የጻድቃን ይሆናል ብዬ ተቀበልኩ። አባቴ እንጀራውን እያጠፈ፣ እየፈታ፣ እንደገና እያጠፈ ይቀመጥ ነበር።

በዚህ ቦታ ላይ እንደ ልጅ ማውራቴን ትንሽ ላቁም። በአያቴ አገር፣ በአባቴም አገር ቢሆን፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ማረሻውን ሸጦ ሲሄድ ጀርባው ላይ "ቡዳ" ይባላል። ዓይኑ ልጅ ይበላል፣ ወተት ያደርቃል ይሉታል። ያርሱበታል፣ ያጭዱበታል፣ አብረውት ግን አይበሉም። አባቴ ከዚህ ሸሽቶ ነው አዲስ አበባ የገባውና ወረቀት ውስጥ የተደበቀው። እናቴ ከመጋባታቸው በፊት ነግሯት ታውቃለች፤ ለእናቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። አሥር ዓመት የተጠበቀውን ነገር እኔ በአንድ ሹሩባ ጊዜ ጨረስኩት። አፌን ቢሰፉልኝ ኖሮ እላለሁ፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ወንድሜ ብሩኬ ጤና ጣቢያ ተወልዶ ቤት በገባ ዕለት፣ አያቴ የእናቴን ክፍል በመጋረጃ ከፈለችው። ከዚያም የሚገርም ነገር አየሁ። ከእናቴ ትራስ ሥር ብረት አስቀመጠች። እናቴ ወደ ሽንት ቤት ስትወጣ የወጥ ቤቱን ቢላዋ በእጇ አስያዘቻት። "አራስ ያለ ብረት አትወጣም፣ ብረት ክፉውን ይመልሳል" ስትል ሰማኋት። አያቴ ብረት ትወዳለች። ለካ ከአባቴ ጋር አንድ ነበሩ፣ ሳይተዋወቁ ነው እንጂ። የሁለቱ አስታራቂ እኔ እንደምሆን አወቅሁ።

ሮጬ ማገዶ ቤት ገባሁ። እያንዳንዱን በመዶሻዋ ጀርባ እየነካሁ፣ ጆሮዬን እያስጠጋሁ፣ የሚዘምሩትን ብቻ መረጥኩ። አንድ ሞረድ፣ አንድ የባሌስትራ ቁራጭ፣ እና ሦስት ነጥብ ያላትን ቢላዋ። በቀሚሴ ታቅፌ ወስጄ የአባዬ ናቸው ብዬ ለአያቴ ሰጠኋት። አያቴ ቆይታ አየቻቸው። ከዚያ ሁሉንም በክፍሉ በር ደፍ ላይ፣ ስለታቸውን ወደ ውጭ አድርጋ፣ በተርታ አስተኛቻቸው።

አባቴ ከሥራ ሲመጣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ነበር። ጫማውን እያወለቀ "ልጄ እንዴት ዋለ?" ሊል አፉን ከፈተና ደፉን አየ። አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደሆነ ቆመ። በመጋረጃው ክፍተት አያቴ ነጠላዋን የሕፃኑ ፊት ላይ ስታለብስ ይታያል፤ እኔ ዝንብ እየከለከለች መሰለኝ።

"ማነው ያመጣቸው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ። የሚዘምሩትን መርጬ ነው።"

ጎንበስ ብሎ ሦስቱን ነጥቦች አያቸው እንጂ አልነካቸውም። "ጥሩ መርጠሻል" አለኝ። ብርቱካኑን በእጄ ሰጠኝ፣ ጫማውን መልሶ አጠለቀ፣ ወደ ጓሮ ሄደ። ወንዶች አራስ ቤት አይገቡም ማለት ነው ብዬ ብርቱካን ልጬ በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳሎን ባለች መደብ ላይ ተኛ። ብሩኬ ያለቅሳል፤ ሲያለቅስ አባቴ ይነሳና እስከ ደፉ ይደርሳል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን አያቴ እናቴን በመጋረጃ ውስጥ ስትነግራት ሰማሁ፦ "ወይ ያ የእሳት ቤት ይፍረስ፣ ወይ አንቺንና ልጁን ይዤ አገሬ ልግባ። ልጁ እኮ እያለቀ ነው።" እኔ ደብረ ብርሃን ልንሄድ ነው ብዬ ልብሴን በፌስታል አዘጋጀሁ። አባቴም ሰምቶ ኖሯል። በቀጣዩ ቅዳሜ ባለጋሪ ጠራ።

ብሩኬ ከተወለደ ሦስት ሳምንት ያህል ሆኖት ነበር። ሰማዩ ጉም ለብሷል፣ ግቢው ሁሉ በወተት የታጠበ ይመስላል። አባቴና ባለጋሪው ሐዲዱን ተሸክመው ጋሪው ላይ ጫኑት። ቸርኬው፣ የፀጉር ማድረቂያው፣ ጉጠቶቹ ተከተሉ። ወዴት ነው ስለው ወደ ጋሽ ሰይፈዲን አለኝ። በተሻለ ሊቀይራቸው ነው ብዬ እሰይ አልኩ። መዶሻዋን ግን እጁ ውስጥ ይዞ ይቆማል፣ ጋሪው ላይ ያስቀምጣል፣ መልሶ ያነሳል።

ያን ጊዜ እናቴ ወጣች። ፀጉሯ አልተሠራም፣ ቀሚሷ ጡቷ ላይ ረጥቧል፣ ብሩኬን ፊቱን ሳትሸፍን ታቅፋዋለች። ከኋላዋ አያቴ "ኪዳን፣ ኪዳን" ትላለች። እናቴ ደፉ ላይ የተኙትን ብረቶች በእግሯ ገፋ አድርጋ ተሻገረቻቸው። ሁለት እጆቿ ሕፃኑን ይዘዋል፤ ብረት አልያዘችም። ደንግጬ ባለሦስት ነጥቧን ቢላዋ አንስቼ ከኋላዋ ሮጥኩ።

"እማዬ፣ ብረትሽን ረሳሽው።"

"አልረሳሁትም" አለችኝ፣ ሳትዞር።

ሄዳ አባቴ ፊት ቆመች፤ ሕፃኑን ዘረጋችለት። አባቴ ወደ ኋላ አለ። እጄ ጥቁር ነው አላት፤ ይታጠባል አለችው። ተቀበላት። ነገር ግን ልጁን ይዞ ሲያበቃ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። አጥሩ ላይ የሚታይ ምንም የለም፣ የተሰቀለ ማዳበሪያ ብቻ። ለምን እንደማያየው ገርሞኝ እኔም አጥሩን አየሁ።

"ደግፌ" አለችው እናቴ፣ "እየው። ልጅህ ነው።"

አባቴ ቀስ ብሎ ፊቱን መለሰ። ልጁን አየው። ከዚያ በኋላ ያለቀሰው ማን እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ አንዱ ብሩኬ እንደሆነ ግን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያም በኋላ ለሁለት ወር ማልቀሱን አላቆመም። ሆድ ቁርጠት ነበር። ዛሬ ብሩኬ የሁላችንንም ቁመት አልፎ በር ላይ ራሱን የሚመታ ሰው ነው። ባለጋሪው ምንም ሳይጠየቅ ሐዲዱን ማውረድ ጀመረ። አያቴ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን የራሷ ፊት ላይ ሳበችው።

ክርስትናው በአርባው ቀን ተነስቶ፣ አያቴ በማግስቱ ወደ አገሯ ተመለሰች። ቦርሳዋን ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ ከልብሷ መካከል ባለሦስት ነጥቧ ቢላዋ ነበረች። ወድዳት ይሁን ፈርታት አልነገረችኝም። ከስምንት ዓመት በኋላ አርፋ እናቴ ከቀብር ስትመለስ ቢላዋዋን ይዛ መጣች። ከመሳል ብዛት ቀጥና፣ ግማሽ ስፋቷ አልቆ፣ እጀታዋ በሽንኩርትና በእጅ ወዝ ጠቁሮ ነበር። አባቴ በአውራ ጣቱ ስለቷን ዳሰሰ፣ ብዙ ቆየ። "ሠርታባታለች" አለ።

ባለፈው ሳምንት እኔም ወለድኩ። ሴት ናት። ቤቴል ባለው የኪራይ ቤቴ አከራዬ በየሰዓቱ እየመጣች ያለ ብረት እንዳልወጣ ትመክረኛለች፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ትላንት አባቴ መጣ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በየቀኑ የብረት ሽታ ነው የሚሸተው። በሌላ ቤት ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚገባ ሰው፣ ከመኝታ ክፍሌ በር ሲደርስ ቆመ። አንገቱን ደፍቶ ወለሉን አየ፤ ግራና ቀኝ ፈለገ።

"ብረትሽን ረሳሽው መሰለኝ" አለኝ።

"አልረሳሁትም" አልኩት። "ግባና እያት።"

ጫማውን አወለቀ፣ ሁለቱንም።